ደዶ ላይ ድንኳን ልትተክሉ ነው? ከጅቡ በፊት ከሰሉን ፍሩ

 

ክረምቱ አልፎ ጅማ ዙሪያ ቡና መልቀም ሲጀመር ኢንቦክሴ ውስጥ የሚገባው ጥያቄ ይቀየራል። ስለ ጨጓራና ስለ ደም ግፊት የሚጠይቀው ሰው ቀነስ ይልና "ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ጅማ አካባቢ ካምፒንግ ልንወጣ ነው፣ እባብ ይኖር ይሆን?" "ጅብ ድንኳን ቀዶ ይገባል እንዴ?" የሚለው ይበዛል።

እባብም አለ፣ ጅብም አለ። ስለ እነሱ ወደ ታች ትንሽ እላለሁ። ግን ካምፒንግ ወጥቶ የሚጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በፈራው ነገር አይደለም። ራሱ ተሸክሞት በሄደው ከሰል ነው፤ ወይ ደግሞ ድምጿን እንኳ ልብ ባላላት ትንኝ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ ሁለቱ ነው። ሻይ ወይ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ደዶ ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨምሩበት። ወረዳው ለካምፕ የሚያጓጓ የሆነው ከፍታውና ዝቅታው በጣም ስለሚለያይ ነው። ላይኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል፤ ጉም የሚተኛበት፣ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ ነው። ታችኛው ደግሞ ወደ ኦሞ ወደሚገባው ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በታች የሚደርስ ቆላ ነው። በዚሁ አቅጣጫ በጭዳ በኩል የሚቀጥሉ ደግሞ ዝሆን ለማየት ወደ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አርብ ማታ ደጋ ላይ በብርድ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንዝ ዳር በካናቴራ ትቀመጣላችሁ። በአንድ የእረፍት ቀን ሁለት አየር ንብረት! ብርዱ ከሰል ያስገባል፣ ሙቀቱ ትንኝ ያመጣል።

"ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ አሁን ይግባ"

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሐበሻ የለም። ሁላችንም ቤት ያለ ልማድ ነው፤ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ፍም ሲሆን ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። ሰው የሚያስበው የሚገድለው ጭሱ እንደሆነና ጭሱ ሲጠፋ አደጋውም እንደጠፋ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። የሚታየው ጭስ ካለቀ በኋላም ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል። እንዲያውም ጭሱ ይሻላል ያሰኛል፤ ቢያንስ እያስነጠሰ ከቤት ያስወጣችኋል። ይሄኛው ግን ያስተኛችኋል።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ይህ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ታክሲው ላይ ቀድሞ ወንበር ይዞ አልወርድም እንደሚል ተሳፋሪ አስቡት፤ ኦክስጅን በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሳንባችሁ እየተነፈሰ ነው፣ ልባችሁ እየመታ ነው፣ አንጎላችሁ ግን ይታፈናል።

አሁን ይህንን ወደ ድንኳን አምጡት። የመኖሪያ ቤታችን ቢያንስ በበሩ ስር፣ በጣሪያው ክፈፍ አየር ያስገባል። ለዝናብ የተሠራ ድንኳን ግን ውሃ እንዳያስገባ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ነው። ሦስት ወይ አራት ሰው ተኝቶበት፣ ውጭ ካፊያ እየጣለ ዚፑ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ፣ መሃል ላይ አንድ ማንደጃ ፍም... "ዚፑን ትንሽ ከፈት አድርገን ነበር" የሚለው አያድንም። ዲግሪውን ለመጠበቅ የሚበቃ ያህል ከዘጋችሁ ጋዙም እንዲጠራቀም በቂ ነው። በቃ፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለአምስት ደቂቃም፣ ለጀበና ቡናም፣ ለዕጣንም። በእንጨት ፍምም ሆነ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ያለኝ ሐሳብ ያው ነው። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛትም እንደዚሁ፣ በተለይ የጭስ ማውጫው ጭቃና ሣር ውስጥ ሲቀበር።

ምልክቱን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት። ሰው ይህን "የመንገድ ድካም ነው"፣ "ምግቡ አልተስማማኝም"፣ ከጠጣም "አረቄው ነው" ይለዋል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙውን ይለያል፦ ከእኔ ጋር ያደሩትም እንደዚሁ ናቸው? አብራችሁ ያደራችሁት በሙሉ አንድ ዓይነት ራስ ምታት ይዛችሁ ከነቃችሁ፣ ውጭ ስትወጡም ቀለል ካላችሁ፣ ምግቡን ትታችሁ ከሰሉን ጠርጥሩ።

ከሰል የመታው ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ድንኳኑን ክፈቱት፣ ወይ ነቅላችሁ ጣሉት፤ ከዚያ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ራሱን ከሳተና ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰ የልብና ትንፋሽ እርዳታ የሚያውቅ ይጀምር። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ፊቱ ላይ ውሃ መርጨት ጋዙን ከደም አያወጡትም፤ ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ የምታፈሱት ወተት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሆስፒታል ውስጥ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጅማ ድረስ ማድረስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ግን መኪናችሁ ነው አምቡላንሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ከኮቪድ በኋላ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ቤት ገብቷል፣ ካምፕ ይዘውት የሚሄዱም አሉ። በከሰል ለተመታ ሰው ግን ይህ መሣሪያ ይዋሻል! ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ መስሎት 98 ብሎ ያሳያል። "98 ነው፣ ደህና ነው፣ ይተኛ" እንዳትሉ።

እሺ፣ ብርዱስ? ደጋ ላይ ሌሊቱ በእውነት ይበርዳል፣ ዝም ብላችሁ ቻሉት አልልም። ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም፣ ይበልጥ ከመሬቱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ በፊት ከስር ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ቀን በላብ የረጠበውን ልብስ እስከ ካልሲው ቀይሩ። ኮፍያ አድርጋችሁ ተኙ። ከመተኛታችሁ በፊት ጠንከር ያለ እራት ብሉ፤ ሰውነት የራሱ ምድጃ ነው፣ ማገዶ ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ስር አድርጉት (ሃይላንድ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ እግር ያቃጥላል)። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ግን የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀት የማባከን ጉዳይ ነው፤ ሙቀት ተሰማችሁ ማለት ሙቀታችሁ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ትኩሳቱ የሚመጣው ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ወባ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ችግር አለበት፦ ወባ የሩቅ በሽታ ይመስለዋል። በእኛ ሀገር ወባ በብዛት የሚታየው ከ2000 ሜትር በታች ነው። ጅማ ከተማ ራሷ ከዚያ በታች ናት። ከደዶ ደጋ ወደ ጎጀብ በወረዳችሁ ቁጥር፣ ወይም ለጀልባና ለዓሣ ብላችሁ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በሄዳችሁ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከግድቡ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት የበለጠ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ሐይቁ ዳር የምትተክሉት ድንኳንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

በዚያ ላይ ጊዜው። ዝናብ ሲያባራ መንገዱ ይደርቃል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሁሉም ሻንጣውን ያነሳል። ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ የሚቀረውም ያኔ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ነው። ለፎቶ የሚያምረው ወር ለትንኟም ያምራል። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ ማስፈራራት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት ሪፖርት መደረጉን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ኦሮሚያ ክልል ነበር።

ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው ደጋግሞ ስለተያዘ በመጠኑም ቢሆን ሰውነቱ ለምዶታል። ቦሌ ወይ መገናኛ ያደገ ሰው ግን ምንም የለውም። ስለዚህ "የአካባቢው ልጆች ያለ አጎበር ይተኙ የለ እንዴ" ብላችሁ ራሳችሁን አታወዳድሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቦታ ስትመርጡ ጉግል ማፕ ላይ ከፍታውን እዩ፤ ማደሪያውን ደጋው ላይ አድርጉ፣ ወንዙን በቀን ውረዱ። ጎጀብን በቀን አይቶ ማታ ላይ ሽቅብ መመለስ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። የግድ ቆላ የምታድሩ ከሆነ የድንኳኑ ወንፊት ያልተቀደደ መሆኑን ቤት እያላችሁ አረጋግጡ፤ አጎበርም ያዙ። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ችግሩ ሰው አጎበር የሚያስታውሰው ሲተኛ ሲሆን ምሽት 1 ሰዓት ላይ እሳት ዳር በቁምጣ ተቀምጦ ጊታር ሲሰማ ተነክሶ ያበቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ ልበሱ፤ በተጋለጠው ቆዳ ላይ ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ተቀቡ። ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚል የተጻፈበት ይሁን። የእሳት ጭስ ትንኝ ያባርራል ብላችሁ በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

ከመሄድ በፊት የሚወሰድ የመከላከያ ኪኒንም አለ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ፣ እዚያ እያላችሁ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፣ ፀሐይም ቆዳን ቶሎ እንድታቃጥል ያደርጋል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከቦርሳው አውጥቶ ሲሰጣችሁ አትዋጡ፤ ሐኪም አማክሩ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ እህቴ፣ በወባ ወቅት ቆላ ማደሩን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፊው። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትም ለፅንስም ከባድ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሼር የምታደርጉት ከሆነ ይህቺን አድርጉ። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ወባ እስኪታይ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያም ይረዝማል። ካምፕ ላይ እያላችሁ ሁለተኛው ቀን የጀመረ ትኩሳት የዚያ ጉዞ ወባ አይደለም። ቤት ገብታችሁ፣ ልብሱን አጥባችሁ፣ ፎቶውን ለጥፋችሁ፣ ሥራ ጀምራችሁ፣ ጉዞውን ረስታችሁ ሳለ ነው ብርድ ብርድ የሚላችሁ። ያኔ "ጉንፋን ነው"። ሦስት ቀን ይቆይና "ታይፎይድ ይሆናል" ተብሎ መድኃኒት ቤት ተገብቶ አንቲባዮቲክ ይገዛል። ያ የጠፋው ሦስትና አራት ቀን ነው ሰው የሚያሳጣን። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በጊዜ ካልታከመ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ለመሄድ ጊዜ አይወስድበትም። ቪቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል።

አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ትኩሳት ያለው ወጣት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያስበው ወባ ላይሆን ይችላል። ካርድ ክፍልም ማንም "ባለፈው ወር የት አደርክ?" አይላችሁም። እናንተ ተናገሩ፦ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ጅማ፣ ደዶ፣ ወንዝ ዳር አድሬ ነበር፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ።" ምርመራው ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው። ገጠር እያላችሁ ከሆነ ደግሞ በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ምርመራ ከብዙዎቻችን ይበልጥ ሠርተውታል፤ ወደ እነሱ መሄድ አትናቁ።

ስለ ገበሬው ላንሳ። መሬቱ የእሱ ነው፣ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ሰላምታ ሰጥታችሁ ፈቃድ ጠይቁ። "አካም ጂርቱ" ማለት ማንንም አያስቸግርም። ከዚያ "ቡሳ አለ ወይ እዚህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቡሳ በአፋን ኦሮሞ ወባ ነው። በዚህ ወር ልጆቹ ታመው እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ጉግል አይደለም።

ውሃው

የጫካ ምንጭ ጥርት ብሎ ሲወርድ ያማልላል፣ አውቃለሁ። ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ አልቅት። በገጠር ምንጭ በአፉ ተጎንብሶ የጠጣ ሰው አፍንጫው ወይ ጉሮሮው ውስጥ አልቅት ተጣብቆበት ለቀናት ሲደማ ማየት እኛ ሐኪሞች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚነስራችሁ ከሆነ ምንጭ ጠጥታችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት። ሁለተኛ ተራው ተቅማጥ። የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ፤ ደጋ ላይ ደግሞ ትንሽ ጨምሩ። 2000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር ጨምሩበት፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፤ ግማሽ ሰዓትም ጠብቁት።

ዋናስ? ረጋ ባለ ውሃ፣ በተለይ ሣር ባለበት ሐይቅ ዳርና ኩሬ ውስጥ መዋኘት ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል። በጅማ ዞን ባሉ ወንዞች አካባቢ በሽታው እንዳለ ጥናቶች ያሳያሉ። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ገብታችሁ ከነበረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ቀላልና ጥሩ ነው።

ጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ እንዳለ ታውቃላችሁ አይደል? ጉማሬ ማታ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ድንኳናችሁን በውሃውና በግጦሹ መካከል፣ የተረገጠ ዱካ ላይ አትትከሉ። ከእናንተ ጋር ጠብ የለውም፤ መንገዱ ላይ ስለሆናችሁ ብቻ ይረግጣችኋል።

እባቡን ቃል ገብቼ ነበር። ማታ በባዶ እግር አትውጡ፣ ባትሪ ያዙ፣ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት። ከነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አንቃችሁ አትሰሩ። የተነደፈውን እጅ ወይ እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ፣ ሰውየው ሳይራመድ ወደ ሆስፒታል። ጅቡ ደግሞ ምግባችሁን ነው የሚፈልገው፤ ሥጋውን መኪና ውስጥ ቆልፉት። ውሻም ሆነ ቀበሮ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሂዱ።

መንገዱ? ከአስፋልት ስትወርዱ ኮረኮንች ነው፣ ከዝናብ በኋላ ቀዩ ጭቃ ሳሙና ነው። ሞተር ኮንትራት ይዛችሁ ወደ ወንዙ የምትወርዱ ሄልሜት ከሌለው ጋር አትሂዱ፤ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ቆሞ ቪዲዮ መቅረጽም ይቅር። ጎጀብ ዳር ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ጅማ እስኪደርስ የሚያልፈውን ሰዓት አስሉት።

አሁን ስልካችሁን ያዙ። ከካምፕ የምትመለሱበትን ቀን ካላንደር ላይ ክፈቱና ለቀጣዩ አንድ ወር በየሳምንቱ "ትኩሳት አለ?" የሚል ማስታወሻ ሙሉ። በቡድን የምትሄዱ የቴሌግራም ግሩፑን ወዲያው አትዝጉት፤ አንዱ ወባ ከተገኘበት ሌሎቹ በዚያው ቀን ይስሙ።